ባለቤቱ አገር ውስጥ የሌለ ዘፈን

ኮቨንትሪ፣ እንግሊዝ
ኖቬምበር 10 ቀን 1968

ለተከበሩ እትዬ ዲሊያ ሄሽን፤

ቤትዎንም ከብትዎንም አምላክ ይጠብቅልዎ። ይህች ደብዳቤ በደህና እንድታገኝዎ እመኛለሁ። እኛ ከወንድሜ ከኮልማን በስተቀር ሁላችንም በእግራችን ቆመን እንሄዳለን፤ ምስጋና ይግባው።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አንድም መስመር ሳልጽፍልዎ ዐሥራ አራት ዓመት አለፈ። በዚህ አፍራለሁ። ምናልባት "አትራክታ የምትባለው ደግሞ የትኛዋ ናት?" ይሉ ይሆናል። ከድልድዩ ማዶ ካለው ቤት የመጨረሻዋ የፊኒ ልጅ ነኝ። የእርስዎ አባትና የእኔ እናት የአጎትና የአክስት ልጆች ነበሩ። ባሌ እንግሊዛዊ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉን፤ እኔ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት እሠራለሁ።

ኮልማን ግን ታሟል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በመኪና ፋብሪካ ቀለም ሲረጭ ኖሮ አሁን ሳንባው እምቢ አለው። ከሴፕቴምበር ጀምሮ ሆስፒታል ነው ያለው። ሐኪሙን ስጠይቀው ገናን እንደሚያይ ነገረኝ፤ ስለ ፋሲካ ግን ምንም አላለኝም።

ዊስኪ ላምጣልህ ስለው አልፈለገም። ቄስ ልጥራልህ ስለው "ትናንት መጥተው ሄዱ፣ ምን አዲስ ኃጢአት ሠራሁና?" አለኝ። የሚፈልገው ዘፈን ነው። አባትዎ ባርትሊ ይዘፍኑት የነበረውን "የክሉናቫራ ቦሪን"ን። ሰባት አንቀጽ እንዳለው ያስታውሳል፤ ተኝቶ በጣቱ ይቆጥራል፤ ሦስቱን ይላቸዋል፣ አራተኛው ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። እኔ ከእናቴ እንጉርጉሮ የቀረችኝን ብነግረው እሷም ከሦስቱ አንዷ ሆና ተገኘች።

ዜማው አይደለም የጎደለው፤ ቃሎቹ ናቸው። ትናንት በግራ እጇ የምትጽፈውን ነርስ "ኪቶግ!" ብሎ ጠራት። "ምን ይፈልጋሉ ሚስተር ፊኒ?" ብትለው "ምንም፤ ግራኝን በእኛ ሰፈር እንዲህ ነው የምንላት፤ ከአፌ ስትወጣ ልስማት ብዬ ነው" አላት። እዚህ አገር ዕድሜውን ሙሉ ሰው የሚገባውን ቃል ሲናገር ኖረ፤ አሁን የማይገባቸውን መናገር አማረው። የእኔም ልጆች "ቦሪን ምንድን ነው?" ይሉኛል። "በሁለት የድንጋይ ካብ መካከል ያለች፣ ሰውና አህያን ጎን ለጎን የማታስኬድ መንገድ ናት" ስላቸው "ታዲያ ለምን መንገድ አትሉትም?" ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

እባክዎ የዘፈኑን ቃል በሙሉ ጽፈው ይላኩልኝ። ውለታዎን አልረሳም። ውስጡ ጠጉር ያለው የቤት ጫማ በዚሁ ፖስታ ልኬያለሁ፤ ቁጥሩን ገምቼ ነው የገዛሁት።

አክባሪዎ
አትራክታ

*

ክሉናቫራ፣ ጎልዌይ፣ አየርላንድ
ጃንዋሪ 7 ቀን 1969

ለአትራክታ ፊኒ፤

አዲሱን ዓመት አምላክ ለአንቺም ለቤተሰብሽም የደስታ ያድርግላችሁ። የትኛዋ እንደሆንሽ አላጣሁትም። የቄሱን ባርኔጣ ለአህያ ያጠለቅሽው ልጅ ነሽ። አህያውም ከቄሱ ይልቅ አምሮበት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ይህን የሚናገር ሰው አልነበረም።

ጫማው ልክ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እግሬ ከመጸው ጀምሮ እንዲህ ሞቆት አያውቅም። ድመቷ ግን የእሷ መስሏት እኔ ስነሣ እሷ ትገባበታለች። እኔም ለገና ዝይ አርጄ፣ ላባዋን ነጭቼ፣ በጆንያ ሰፍቼ ልኬልሽ ነበር፤ ደረሰችሽ? ፖስታ ቤት ያለችው ኮንሴፕታ "በሦስት ቀን ትደርሳለች" ብላ ምላለች፤ የእሷን መሐላ ግን ታውቂዋለሽ።

እዚህ ዝናብ ነው። ሌላም አይደለም። ከረግረጉ እንደ ጡብ ቆርጠን የቆለልነው የአፈር ማገዶ ሳይደርቅ ክረምት ገባ፤ ምድጃዬ ከሚነደው የሚጨሰው ይበልጣል። ጎረቤቴ ፒዳር ላሊ ከድርቆሽ ክምር ላይ ወደቀ፤ እሱ ምንም አልሆነም፣ ፒፓው ተሰበረ። ያለቀሰው ለፒፓው ነው።

የኮልማን መታመም አሳዘነኝ። እሑድ ሻማ አብርቼለታለሁ፤ ቄሱም ስሙን ጠርተውታል።

ስለ ዘፈኑ ለጠየቅሽኝ ግን፣ የእኔ ስላልሆነ ልጽፍልሽ አልችልም። ባለቤቱን ጠይቂ።

ወንድምሽን ሰላም በይልኝ። አባቴ ሲቀበር እንኳ ያላየነው ሰው ነውና መልኩ ጠፍቶብኛል።

ዲሊያ ሄሽን

*

ኮቨንትሪ
ጃንዋሪ 15 ቀን 1969

ለተከበሩ እትዬ ዲሊያ፤

ጤናና ሰላም ለቤትዎ ይሁን። ዝይዋ በዘጠነኛው ቀን ደረሰች። ከእኛ በፊት ጎረቤቶቻችን ናቸው መምጣቷን ያወቁት። ባሌ "ይህቺ እንኳ ለቀብር ነው የመጣችው" ቢልም እኔ በሆምጣጤ አጥቤ፣ በሽንኩርት ሞልቼ፣ ጠብሼ በላናት። አምላክ ምስክሬ ነው፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። ለኮልማንም አንዲት ቁራጭ ወስጄለት በሁለት እጁ ይዞ አሸተታት።

አሁን ደግሞ የከበደኝን ልናገር። "ባለቤቱን ጠይቂ" ያሉኝ አልገባኝም። አባትዎ ካረፉ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆናቸው፤ ልጃቸው እርስዎ ነዎት። ታዲያ ከእርስዎ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል ብዬ ለኮልማን አነበብኩለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሦስተኛው ቀን "ዲሊያ ልክ ናት፤ ቁጭ በይ ልንገርሽ" አለኝ።

የነገረኝን እንደነገረኝ እጽፍልዎታለሁ። እርስዎ ያውቁታል፤ እኔ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር።

የኬሪጋኖች ሠርግ ቀን፣ ከሁዳዴ በፊት፣ ከምሳ በኋላ ነው። እኔም ነበርኩ፤ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበርና የማየው ኬኩን ብቻ ነበር። ሰዉ "ባርትሊ! ቦሪንን!" እያለ ይለምናል። አባትዎ ጉሮሯቸው ታሞ ስለነበር በእጃቸው "አልችልም" ይላሉ። ኮልማን ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ሁለት ብርጭቆ ጥቁር ቢራ ጠጥቷል። ብድግ ብሎ ጀመረው። ባርትሊ እዚያው ተቀምጠው እያሉ! ሰባቱንም አንቀጽ ዘፈነው።

ልጆቼ "ታዲያ ምን ችግር አለው?" አሉኝ። የሰው ዘፈን የሰው መሆኑን፣ ባለቤቱ በተቀመጠበት ቤት ሌላ ሰው አንሥቶ ከዘፈነው በሰው አልጋ ላይ ጫማ አድርጎ እንደመተኛት መሆኑን ለኮቨንትሪ ልጅ እንዴት ብዬ ላስረዳ? ለእርስዎ ግን አይነገርም።

ኮልማን ሲቀጥል፣ "ስጨርስ ባርትሊ ቆቡን አነሣ። አየኝ። ከዚያ አንድ ቃል ሳይናገር በበሩ ወጣ። አንቺ ልጅ፣ አባታችን በሞተበት ዓመት ድንቻችን መሬት ውስጥ ሊበሰብስ ሲል ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ሰብስቦ መጥቶ በአንድ ቀን ያወጣልን ሰው እኮ ነው! እኔ ደግሞ በሰው ፊት ዘፈኑን ነጠቅሁት።" ይህን ሲለኝ አለቀሰ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ መርከብ ላይ ወጣ፤ አልተመለሰም። ለቀብራቸው ያልመጣውም የሚያስገባው ፊት ስላጣ ነው። እዚህ ክበብ ውስጥ የአገራችን ሰዎች ዝፈን ሲሉት "ዘፈን የለኝም" ሲላቸው ኖረ። ወንድሜ ድምፅ ያለው ሰው መሆኑን እኔ እንኳ ረስቼው ነበር።

እትዬ ዲሊያ፣ ቃሉን መከልከል መብትዎ ነው። እኔ አሁን የምለምንዎ ይቅርታ ነው። "ይቅር ብዬሃለሁ" የምትል አንዲት መስመር ቢልኩለት ይበቃዋል። ጊዜው ደግሞ እያጠረ ነው።

አትራክታ

*

ክሉናቫራ
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1969

ለአትራክታ፤

በዘገየሁት ይቅር በይኝ። የወንድምሽ ሕመም እኔን እንደማይጠብቅ አውቃለሁ። ሁለት ደብዳቤ ጽፌ ሁለቱንም ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸው። የመጀመሪያው ቁጣ ነበር። ሁለተኛውን ያቃጠልኩት ሳነብበው ስላለቀስኩበት ነው፤ በዕንባ የራሰ ወረቀት ለሰው አይላክም።

አሁን ስሚኝ፤ ለእሱም አንብቢለት፤ ቀስ ብለሽ።

በዚያ ቀን አባቴ ሲወጣ ካፖርቱን ይዤ የተከተልኩት እኔ ነኝ። ከቤቱ ጀርባ፣ ከካቡ ጋ ተደግፎ አገኘሁት። ፊቱ እርጥብ ነው። "አባዬ፣ ተቆጣህ?" አልኩት።

"ምን ያስቆጣኛል?" አለኝ። "አንቺ ደንቆሮ ነሽ እንዴ? አልሰማሽም? አያቴ ስትዘፍነው የነበረውን እኮ ነው የሰማሁት! እኔ አርባ ዓመት ስለፋበት እንደዚያ ዘፍኜው አላውቅም። ዘፈኑ ሰው አገኘ።"

"ታዲያ ግባና ንገረው" አልኩት።

"በሠርግ ቤት እያለቀስኩ ልግባ? ፒዳር ላሊ እስከ ዕለተ ሞቴ ይስቅብኛል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰው ሁሉ ፊት እጁን ይዤ ዘፈኑን እሰጠዋለሁ" አለኝ።

እሑድ ሲደርስ ኮልማን ሄዷል።

አባቴ ከዚያ በኋላ ሃያ አንድ ዓመት ኖረ፤ አንድ ቀን እንኳ አልዘፈነውም። ሰው ሲለምነው "ባለቤቱ አገር ውስጥ የለም" ይላል። ጻፍለት ስለው "ዘፈን በፖስታ አይሰጥም፤ ደግሞም ልጁ አይቶኛል፤ ፊቴ ላይ አንብቦታል" አለኝ። አባቴ ፊቱ ላይ ያለውን ሰው ሁሉ የሚያነብበው ይመስለው ነበር። ይኸው ከቄሱ ጀምሮ እስከ ፒዳር ላሊ ድረስ አገሩ ሁሉ የዘፈኑን ባለቤት ያውቃል፤ ከራሱ ከባለቤቱ በቀር።

አሁን የእኔን ጥፋት ልናገር። እኔ ኮልማን የተሰጠውን ያወቀ መስሎኝ ነበር። አውቆ የናቀው፣ ፋብሪካ ገብቶ፣ ክራቫት አስሮ፣ የእኛ ነገር የሸተተው መስሎኝ ነበር። አባቴን ስንቀብር ሬሳውን ደጅ አስቁሜ መንገዱን አየሁ። መጥቶ ሬሳው ላይ ይዘፍንለታል ብዬ ነበር። ሳይመጣ ሲቀር ልቤ ደነደነ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት እንደደነደነ ኖረ። በየገናው ለአገር ሰው ሁሉ ካርድ ስልክ የእናንተን ቤት ዘልዬ ነው። ለካ እሱ እዚያ በእፍረት ይሞታል፣ እኔ እዚህ በኩራት። በሁለቱ መካከል ዘፈኑ አፍ አጥቶ ተቀመጠ።

ይቅርታ ጠያቂው እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ኮልማን፣ ይቅር በለኝ።

ቃሉ በሙሉ በልቤ አለ። ግን አትሳቂብኝ፣ አሁንም ያለ እሱ ፈቃድ ልጽፈው አልችልም። እጄ እምቢ ይለኛል። ጠይቂው፤ በራሱ አንደበት ይፍቀድልኝ፤ በዚያው ቀን እጽፋለሁ።

ዲሊያ

*

ቴሌግራም
ከኮቨንትሪ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1969

ዲሊያ ፈቅጃለሁ። ሁለታችንም ጅሎች ነን። ቶሎ ጻፊ። ባርትሊን አምላክ በገነት ያኑረው። ኮልማን።

*

ክሉናቫራ
ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1969

ለአትራክታና ለኮልማን፤

ቴሌግራሙን ኮንሴፕታ በፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ጮክ ብላ ነው ያነበበችው። ጡረታ ሊቀበሉ የተሰለፉ ሰዎች ሁሉ ሰሙ። "ሁለታችንም ጅሎች ነን" የምትለዋን ደግማ አነበበቻት። ፒዳር ላሊ ኮፍያውን አውልቆ "ኧረ ተመስገን! ልሞት ስል ሰማሁት!" አለ፤ ከዚያ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። አሁንም እዚህ ተቀምጦ ቃል እንዳልዘል ይቆጣጠረኛል።

ሰባቱንም በሌላኛው ወረቀት ላይ ለብቻ ጽፌያለሁ፤ የታመመ ሰው እንዲያነብበው በትልልቁ። እዚህ የማነሣው ጥቂቱን ነው። መጀመሪያው ያው የምታውቁት ነው፦

ቦሪኗ ጠማማ፣ ቁጥቋጦ የዋጣት፣
ስወጣ ተከትላኝ፣ ከወደብ አጣኋት።

ሁለተኛው የጣራ ከዳኙ ነው፤ ኮልማን ነርሷን የጠራበት ቃል የመጣው ከዚህ ነው፦

ኪቶጉ ከደነ የሰዉን ሁሉ ጣራ፣
የእርሱ ቤት ያፈሳል ሰማዩ ሲያጓራ።

ፒዳር "ይህ የእኔ አያት ነው" ይላል። የፒዳር አያት ቀኝ እጅ ነበር፤ ቤቱ የሚያፈስስ መሆኑ ግን እውነት ነው።

ኮልማን የጠፋበት አራተኛው ነው። ለምን እሱ እንደጠፋው አላውቅም፤ ወይም አውቃለሁ፦

ሚሄሉ ሲነሣ፣ ድንቹ ሲቆፈር፣
የቀረ ሰው ድርሻ ከሁሉ ይበልጥ ነበር።

ለልጆችሽ ሚሄል ማለት ምን እንደሆነ ንገሪያቸው፤ ጎረቤት ሁሉ ሳይከፈለው መጥቶ የአንዱን ሥራ በአንድ ቀን የሚጨርስበት ነው። አባቴ ለእናንተ ድንች ያወጣውን ሚሄል ኮልማን እንደ ውለታ ቆጥሮታል። ይህን ደግሞ የነገረው ሰው የለም፤ በዚያ ቀን ማታ አባቴ እጁን እየታጠበ "የፊኒ ልጅ ከእኔ ጎን ሲቆፍር ሲያንጎራጉር ሰማሁት፤ እዳዬን እዚያው ከፈለኝ" ብሎ ነበር። ልጁ ያን ጊዜ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። አባቴ ከሠርጉም በፊት ዓይኑን ጥሎበት ነበር ማለት ነው። ይህን እስከዛሬ አላገናኘሁትም፤ ስጽፍ ነው የመጣልኝ።

የመጨረሻው ይኸው፦

ፕላሞስ ይቅርብኝ፣ እውነቱን ንገሩኝ፤
እሳቱን አታጥፉ፣ መጣሁኝ፣ ጠብቁኝ።

ፕላሞስ ሽንገላ ነው። ኮንሴፕታ ለቄሱ የምታደርገው ዓይነት። የመጨረሻዋ ቃል እንደማትዘፈን ኮልማን ያውቃል፤ "መጣሁኝ፣ ጠብቁኝ" የምትለዋ እንደ ወሬ በደረቁ ትነገራለች። ያን ጊዜ ዘፈኑ ማለቁ ይታወቃል።

አትራክታ፣ የማመሰግንሽ በብዙ ነው። ባትጽፊልኝ ኖሮ ቂሜን ይዤ ነበር የምቀበረው፤ ሰውም ለዲሊያ ሄሽን ደግ ሴት ነበረች ብሎ ይዋሽላት ነበር። ፖስታ የሚወስደው መኪና ሳይሄድ ልሩጥ። በአዲሱ ጫማሽ አልሮጥም እንጂ።

ዲሊያ

*

ኮቨንትሪ
ማርች 9 ቀን 1969

ለውዷ እትዬ ዲሊያ፤

አምላክ ዕድሜ ይስጥልኝ። ቴሌግራሜ ደርሶዎታል፤ ኮልማን ሐሙስ ጧት፣ ፌብሩዋሪ ሃያ ሰባት፣ በሰላም አረፈ። ማክሰኞ ቀበርነው። ግን የቀብሩን ሳይሆን ከማረፉ በፊት የነበረውን የእሑዱን ልንገርዎ፤ ለእሱ ነው የተቀመጥኩት።

የበሽተኛ መጠየቂያው ሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ነው የሚጀምረው። ደብዳቤዎን አነበብኩለት። "የፒዳር አያት ቀኝ እጅ ነበር" የምትለዋ ላይ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ነርሷ መጣችና ተቆጣችን። የድንቹ ቀን አባትዎ ያሉትን ሳነብ ግን አልሳቀም። "እንደገና" አለኝ። አነበብኩለት። "እንደገና።" ሦስት ጊዜ አነበብኩለት።

ከዚያ "ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ" አለ። ወረቀቱን ሰጠሁት፤ መልሶ ሰጠኝ፤ አላስፈለገውም። እጄን ያዘ። እዚያ አገር ዘፋኝ ሲዘፍን አጠገቡ ያለ ሰው እጁን ይዞ ቀስ አድርጎ እንደሚያዞርለት አስታወስኩ፤ እናቴ ስታደርግ አይቻለሁ። ማዞር ጀመርኩ። እሱም ዘፈነ።

እትዬ ዲሊያ፣ ድምፁ ትንሽ ነበር። በየመስመሩ ያርፋል፤ ኦክስጅኑን ይስባል፤ ይቀጥላል። በክፍሉ ስምንት አልጋ አለ፤ ሁሉም ሬዲዮውን ዘጋ። ከጎኑ የተኛው ሚስተር ባጅዋ የሚባል፣ ከፑንጃብ የመጣ፣ በዚያው ፋብሪካ የሠራ ሰው ነው። ማንም ሳይነግረው እጁን ዘርግቶ የኮልማንን ሌላኛውን እጅ ያዘ፤ እንደ እኔ ያዞረው ጀመር። ከቃሉ አንዲቷንም አያውቅም። ዐይኑ ግን ዕንባ ሞልቶት ነበር።

አራተኛው ላይ ሲደርስ ፈራሁ። ቀጥ አድርጎ አለፈው። ሰባተኛውን ጀመረ፤ "እሳቱን አታጥፉ" አለና ቆመ። ዐቅሙ ያለቀ መስሎኝ የመጨረሻዋን ቃል ልነግረው ስል በጣቱ ከለከለኝ።

"እሷን አልልም። እሷን ለዲሊያ ትቻለሁ" አለ። "ዘፈኑን ለዲሊያ ሰጥቻታለሁ። በፖስታ አይሰጥም ካለች ምስክር አለኝ፤ ሚስተር ባጅዋ፣ ሰምተሃል አይደለም?"

ሚስተር ባጅዋ "ሰምቻለሁ" አለ።

ከዚያ ሌላ ብዙ አልተናገረም። አራቱን ቀን ፊቱ ሰላም ነበር፤ ልጅ ሆኜ የማውቀው ፊት። ለዚህ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ ቃል አጣሁ። እኔ የለመንኩት አንዲት መስመር ነበር፤ እርስዎ ሠላሳ ስምንት ዓመቱን መለሱለት።

አንድ ነገር ብቻ ከብዶኛል። የሰፈራችንን ቃል የምለዋወጠው ሰው ከእሱ ጋር አለቀ። ትናንት ገበያ ውስጥ "እንዲህ ያለ ፕላሞስ!" ብዬ ዞር ስል አጠገቤ የቆመው ባሌ ነው። ከእንግዲህ ክሉናቫራ የምሄድበት ምክንያት ያለኝም አይመስለኝም።

አመስጋኝዎ
አትራክታ

*

ክሉናቫራ
ኤፕሪል 23 ቀን 1969

ለአትራክታ፣ ለእኅቴ፤

የኮልማንን ነፍስ አምላክ ይማር፤ አንቺንም ያጽናሽ። ለሚስተር ባጅዋ የእጅ ሹራብ ሠርቼ ልኬያለሁ፤ ምስክር የሆነ ሰው ባዶ እጁን አይቀርም። ካነሰው ለአንዱ ልጁ ይሁን።

በሰፈራችን በየዓመቱ በተራ በአንዱ ቤት የሚደረገው ቅዳሴ ዘንድሮ ለእኔ ቤት ደረሰ፤ ባለፈው ሐሙስ ነበር። ግድግዳውን ኖራ ቀባን፤ ቄሱ በወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ቀደሱ፤ ከዚያ ሠላሳ ሁለት ሰው ቁርስ በላ። ሳህን ሲነሣ ፒዳር ላሊ በየዓመቱ የሚላትን ቀልድ አነሣ። "እንግዲህ፣ የቦሪን ባለቤት አገር ገባ?" አለ። ሰዉ ሊስቅ አፉን ከፈተ።

"ገባ" አልኩት።

ማንም አልሳቀም። እጄን ለፒዳር ሰጠሁት፤ ያዘልኝ፤ ጀመርኩ። ስልሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ በሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም፤ ድምፄ እንደ አሮጌ በር ይጮሃል። ሽማግሌዎቹ ከንፈራቸውን ከእኔ ጋር ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልጠፋቸውም። ከደብሊን የመጣው አዲሱ አስተማሪ በመሐሉ "ሚሄል ምንድን ነው?" ብሎ ጎረቤቱን ቢጠይቅ አራት ሰው በአንድ ጊዜ እሽ! አለው።

መጨረሻው ላይ ደረስኩ። ኮልማን የተወልኝ ቦታ። አባቴም በዚያ በኩል ሆኖ እንደሚሰማኝ አሰብኩ። "መጣሁኝ፣ ጠብቁኝ" አልኩ፤ በደረቁ፣ እንደሚባለው። ቄሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ፒዳር እጄን አለቅም አለ፤ በግድ ነው ያስለቀቅሁት።

አሁን ይህን የጻፍኩበትን ልንገርሽ። የዘፈነ ሰው ቀጣዩን የመጥራት መብት አለው፤ የተጠራውም ተነሥቶ እስኪዘፍን ድረስ ሌላ ሰው ዘፈን አያነሣም። ይህን አንቺ አትረሺውም። "ዲሊያ፣ ማንን ትጠሪያለሽ?" አሉኝ።

"አትራክታ ፊኒን" አልኳቸው።

"እሷ እኮ ኮቨንትሪ ናት!" አለ አስተማሪው።

"አውቃለሁ" አልኩት።

ፒዳር "ይህ ግፍ ነው! እኔ ሦስት ዘፈን ይዤ ተቀምጫለሁ!" ብሎ ጮኸ። ቄሱ ግን "ጥሪው ጥሪ ነው" አሉ። በቃ፤ ሰዉ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክሉናቫራ ማንም አልዘፈነም። ባለፈው እሑድ የክርስትና ግብዣ ነበር፤ ሻይ ጠጥተን ተያይተን ተለያየን።

አልጋሽን አንጥፌያለሁ። ፒዳር ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ብዙ አታስጠብቂው።

ዲሊያ